የባቲ ሰኞ ገበያ ፊቸር፦ ሊዱን ከየት ልጀምረው?

የደሴው ዘጋቢ (ጠያቂ)

ሰላም ጀማዓው። ከአረፋ በፊት ለሚወጣ እትም ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ 1,200 ቃል ያህል ፊቸር (ትረካ ቀመስ ሐተታ) እያዘጋጀሁ ነው። ትኩረቱ የበዓሉ የከብት ግብይት ነው። ሊዱ (መክፈቻው) ግን አልያዝ አለኝ። አሁን ያለው ረቂቅ ይኸውላችሁ፦

«በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን የምትገኘውና ከኮምቦልቻ ከተማ በስተምሥራቅ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የተቆረቆረችው፣ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ሕዝቦች ለበርካታ ዘመናት በፍቅርና በመቻቻል የሚገበያዩባት ጥንታዊቷ የባቲ ከተማ በየሳምንቱ ሰኞ በምታስተናግደው ደማቅ ገበያዋ የወሎ የአብሮነት ተምሳሌት መሆኗ ይታወቃል።»

ርዝመቱ ስንት ቃል ቢሆን ይሻላል? አንባቢው ባቲ የት እንዳለች ካላወቀ አድራሻውን የት ላስገባው? በጥያቄ ወይም በግጥም ብጀምርስ? ጽሑፉ ስለምን እንደሆነ የሚናገረው አንቀጽ ስንተኛው ላይ ይምጣ? ሰኞ ወደ ገበያው ስለምመለስ ምን መዝግቤ ልምጣ የሚለውንም ጨምሩልኝ።

አርታኢ ከኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ፣ የሚስተካከል ነው። መጀመሪያ ረቂቁን እንቁጠረው። 39 ቃል ነው። «ባቲ» የሚለው ስም የመጣው 28ኛው ላይ፣ «ሰኞ» 31ኛው ላይ፣ ማሰሪያ ግሡ 39ኛው ላይ ነው። ይህን ሁሉ ተጉዞ የተገኘው ግሥ ደግሞ «ይታወቃል» ነው። የታወቀን ነገር ለመስማት ማንም ጋዜጣ አይገልጥም።

የችግሩ ሥር ቋንቋችን አሠራር ውስጥ ነው። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ያኖራል። ከዚያ በፊት የምንደረድራቸውን «የ…»፣ «በ…»፣ «የምት…» ሁሉ አንባቢው የት እንደሚያርፉ ሳያውቅ ይዟቸው ይጓዛል። ሁለት ሦስት ድረስ ይታገሣል፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ይዘላል። አንተ ባቲን ከመጥራትህ በፊት «የምትገኘው»፣ «የተቆረቆረችው»፣ «የሚገበያዩባት»፣ «ጥንታዊቷ» የሚሉ አራት ገላጮች ጭነህበታል።

ስለ ርዝመት፦ በእንግሊዝኛ የተጻፉ መማሪያዎች ለዜና ሊድ እስከ 35 ቃል ድረስ ይፈቅዳሉ። ያን ቁጥር እንዳለ ማምጣት ያሳስታል። «አልነገረቻቸውም» በእኛ አንድ ቃል ነው፤ በእነሱ አምስት ቃል ይወጣዋል። ስለዚህ ለአማርኛ የዜና ሊድ 22 ቃል ጣሪያ ይሁንህ። ለፊቸር የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከ6 እስከ 14 ቃል ይበቃል፤ ሁለተኛው ሊረዝም ይችላል። ሁለቱ እኩል ርዝመት ሲኖራቸው ንባቡ ይደነዝዛል፣ ጮክ ብለህ ብታነበው ጆሮህ ራሱ ይነግርሃል።

«በፍቅርና በመቻቻል»፣ «ደማቅ»፣ «ተምሳሌት» የሚሉትን ሰርዝ። ውሸት ናቸው ማለቴ አይደለም። ፍርድ ናቸው፣ ማስረጃቸው ግን ገጹ ላይ የለም። አንድ ሽያጭ በስንት ቋንቋ እንዳለቀ ብታሳይ አንባቢው አብሮነቱን ሳትነግረው ያየዋል።

እግረ መንገዴን፣ የዜና ሊድና የፊቸር ሊድ ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ አትቀላቅላቸው። ጉዳይህ ዜና ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ገበያው ቦታ ሊቀይር ነው ቢባል፣ «የባቲ የሰኞ ገበያ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ወደ አዲስ ቦታ ይዛወራል» ብለህ በ10 ቃል ትጨርሳለህ፤ ማን እንደወሰነው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይናገራል። የተለመደው አጻጻፍ ግን «…እንደሚዛወር የከተማው አስተዳደር አስታወቀ» ነው። እዚህ ላይ ልብ በል፦ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጉልበት ያለው መጨረሻው ቃል ላይ ነው፤ ያን ቦታ «አስታወቀ» ሲወስደው ዜናው ራሱ ጥገኛ ሐረግ ሆኖ መሐል ላይ ይቀራል። ምንጩን ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማውረድ የሚቻለው ግን ነገሩ አከራካሪ ካልሆነ ብቻ ነው። ክስ፣ ወቀሳ ወይም ያልተጣራ ቁጥር ከሆነ «ማን አለ» ከሊዱ አይወጣም።

አድራሻውን በትነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በአፋር ወዳለችው ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ መሆኗን ሰዎቹና ከብቶቹ ሲመጡ ባሳየህበት አንቀጽ ላይ ትጠቅሳለህ፤ 40 ኪሎ ሜትሩን ስለ ጭነት መኪና ስታወራ፤ የዞኑን ስም የመጀመሪያውን የመንግሥት ሠራተኛ ስትጠቅስ። እንዲህ ሲሆን አድራሻው ራሱ ሥራ ይሠራል።

ቶሳ ሥር

የኮምቦልቻው ሸጋ አድርጎ ተናግሯል። እኔ ሰኞ ምን ትመዝግብ በሚለው ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም መጥፎ ሊድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከባዶ ደብተር ነው። ዝርዝር የሌለው ጸሐፊ «ደማቅ» ከማለት በቀር አማራጭ የለውም።

የደብተሩን ገጽ ለሁለት ክፈለው። በግራ ያየኸውንና የሰማኸውን፣ በቀኝ የመሰለህን ጻፍ። ሊዱ ከግራው ብቻ ይወጣል። በየገጹ አናት ሰዓቱን አስፍር፤ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 12 ሰዓት በል። ከስልክህ የምትገለብጠው ከሆነ የ6 ሰዓት ልዩነቱን እዚያው አስተካክል፤ ማታ ላይ ስታስበው ትሳሳታለህ።

ገበያው ሳይሞላ ድረስና አንድ ፍየል ምረጥ። አዎ፣ አንድ ፍየል። ከገባበት ሰዓት ጀምሮ እስኪሸጥ ወይም ሳይሸጥ እስኪመለስ ተከተለው። ማን ይዞት መጣ፣ ስንት ሰው ጠየቀው፣ ደላላው መቼ ገባ፣ ስንት ተጠራ፣ ስንት ተባለ፣ በስንት ተዘጋ። ይህ አንድ ክር ሊድህንም፣ የጽሑፉን ጀርባ አጥንትም፣ መዝጊያህንም ይሰጥሃል። ገበያውን በሙሉ ለማየት የሚዞር ዘጋቢ ማታ ላይ 100 ፎቶና አንድም ታሪክ የሌለው ይሆናል።

ዋጋ ስትመዘግብ ሦስቱን ለየብቻ ያዝ፦ ሻጩ የጠራው፣ ገዥው ያቀረበው፣ የተሸጠበት። የተሸጠበትን ከሻጩም ከገዥውም ከደላላውም ጠይቅ፤ የሚለያይበት ጊዜ አለ፣ የደላላው ድርሻ አንዳንዱ ቁጥር ውስጥ ገብቶ አንዳንዱ ውስጥ ስለማይገባ። ከዋጋው ጎን የእንስሳውን ዓይነት፣ ጾታ፣ ዕድሜና ሁኔታ ካልጻፍክ ቁጥሩ ከምንም ጋር አይወዳደርም። «ፍየል ከዓምናው ጨመረ» ለማለት ከዓምናው አረፋ ተመሳሳይ ፍየል ያስፈልግሃል። በዓል የሌለበትን ተራ ሰኞም ዋጋ ያዝ፣ የበዓሉን ጭማሪ የሚያሳየው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ለአንተ ጉዳይ ቁልፍ የሚመስለኝ፦ ጥርስ። ፍየል ላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ጥርስ የለውም፤ ገዥዎች የታችኛውን ከንፈር ገልጠው የሚያዩት ለዚህ ነው። በታች 8 የፊት ጥርሶች አሉት፤ የመሐሉ ሁለት የወተት ጥርስ ወድቆ ሰፋፊዎቹ የሚተኩት አንድ ዓመት ሲሞላው ወይም ጥቂት ሲያልፈው ነው። በአረፋ ሰሞን ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፣ ምክንያቱም ለኡድሒያ (ለአረፋ መሥዋዕት) የሚታረድ እንስሳ የዕድሜ ገደብ አለው፦ ግመል 5 ዓመት፣ የቀንድ ከብት 2 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የበግና የፍየሉ እንደ መዝሀቡ (እንደሚከተሉት የእስልምና ሕግ ፈለግ) ስለሚለያይ በአካባቢው ያሉ ዑለማን ጠይቀህ ከእነሱ አፍ ጻፍ። የታወረ፣ የሚያነክስ፣ በጣም የከሳም አይሆንም። እንግዲህ ያ የተገለጠ ከንፈር የገበያውንም የበዓሉንም ነገር በአንድ ላይ ይዟል።

አስተርጓሚ ካስፈለገህ ደላላውን አስተርጓሚ አታድርግ፤ ጥቅም አለው። አፋርኛ የሚችል ከሽያጩ ውጭ የሆነ ሰው ፈልግ፣ ዋና ዋናውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስተርጉመው። የአንድ ግሥ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለእኛ ለወሎ ሰዎች መንገር አያሻም፦ በ1881 ዓ.ም. እዚሁ ውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የነበረው በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ነው መዘዙ አድዋ ድረስ የሄደው። የሻጩን «ምናልባት» ወደ «እርግጠኛ ነኝ» ከቀየርከው ጥቅሱ የእሱ መሆኑ ቀርቷል።

ስም፣ ፎቶና ዋጋ አብረው እንዲወጡ ባለቤቱ መስማማቱን በግልጽ ጠይቅ። ስሙን ሰጥቶ ዋጋው በስሙ እንዳይወጣ የሚፈልግ ነጋዴ ብዙ ነው።

ሐይቅ ዳር

ስለ ፍሬ ነገሩ አንቀጽ ልመልስ። (አንዳንዱ «ርዕሰ አንቀጽ» ይለዋል፤ እሱ የጋዜጣው አቋም የሚጻፍበት ዓምድ ነው፣ አይምታታብን።) ይህ አንቀጽ ሦስት ነገር ይመልሳል፦ ጽሑፉ ስለምንድን ነው፣ ለምን አሁን፣ ገበያው ውስጥ ላልነበረ ሰው ምኑ ነው። በ1,200 ቃል ፊቸር ከ150 እስከ 200ኛው ቃል ድረስ መምጣት አለበት፣ ማለትም 3ኛው ወይም 4ኛው አንቀጽ ላይ። ርዝመቱ ከ40 እስከ 60 ቃል። ከዘገየ አንባቢው «እሺ፣ ፍየሉ ተሸጠ፣ ታዲያ?» ብሎ ይሄዳል። ከፈጠነ ደግሞ ትዕይንቱ ሳይበስል ይቆረጣል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሊዱን በጣትህ ሸፍነህ አንቀጹን ብቻ አንብብ። ርዕሱ ካልገባህ አልተጻፈም። ቀጥሎ አንቀጹን ሸፍነህ ሊዱን አንብብ። ሊዱ ሌላ ጽሑፍ ላይም ሊለጠፍ የሚችል ከሆነ የዚህ ጽሑፍ ሊድ አይደለም። «ጀምበር ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል» የሚለው መግቢያ ለባቲም፣ ለወልዲያም፣ ለሰቆጣም ይሆናል። የጥርሱ ግን ለአረፋ ገበያ ብቻ ነው።

በንጋት መጀመር ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለቴ እንዳልሆነ የምናውቅ እኛ ነን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያስተላለፈው የማይክል በርክ ዘገባ፣ ሞሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ከኮረም ውጭ ካለው ሜዳ ላይ በንጋት ነው የሚጀምረው። የሠራው ግን ብርሃኑ ስላማረ አይደለም። በዚያው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብርሃኑ ምን እንዳሳየ ይናገራል፣ ረኀቡን። ትዕይንቱና ፍሬ ነገሩ አልተለያዩም። እዚያው ላይ ሌላም ልበል፦ ከዚያ ዘገባ ወዲህ የወሎን ነገር ሁሉ በደረቅ መሬት የሚጀምር ብዙ ነው። ጉዳዩ ድርቅ ካልሆነ አትጀምርበት። ሰው ሲነግድ፣ ሲከራከር፣ ሲያተርፍ የሚታይበት ሊድ ይህ አገር ይገባዋል።

የግሥ ጊዜ ላይ ተጠንቀቅ። «ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል» ካልክ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው ማለትህ ነው። አንድ ጊዜ ያየኸውን «ገለጠ፣ አየ» በል። ብዙ የአማርኛ ፊቸር ትዕይንቱን በ«ያያል» ጀምሮ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «አለ» ይላል፤ አንባቢው አንድ ሰኞ ይሁን ሁሉም ሰኞ መለየት ያቅተዋል። ሁለት ሰኞ ያየኸውን ደግሞ እንደ አንድ ቀን አታዋህድ። አክብሮቱም እንዲሁ ነው፦ ሽማግሌውን «እሳቸው» ብለህ ከጀመርክ እስከ መጨረሻ «እሳቸው» ናቸው፤ መሐል ላይ «እሱ» የሚሆኑበት ጽሑፍ ሁለት ሰው ያለበት ይመስላል።

«ባቲን ያውቋታል?» ብሎ መጀመር አይሠራም። ለወሎ አንባቢ መልሱ «አዎ» ነው፣ እዚያው ያበቃል። በጥቅስ መጀመርም በአማርኛ ከባድ ነው፤ «ሲሉ ይናገራሉ» መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ተናጋሪው እስኪታወቅ ሁለት መስመር ያልፋል። ጥቅሱ ከ8 ቃል ካልበለጠ ብቻ ሞክረው።

ግጥሙን ግን አልከለክልህም። በገበያው ውስጥ ሰው ሲያንጎራጉር ከሰማህና ስንኙ ከሽያጩ ጋር ከተያያዘ ክፈትበት።

አርታኢ ከኮምቦልቻ

እቴ፣ በግጥሙ አልስማማም። ወሎ ላይ የሚጻፍ ፊቸር ግማሹ በስንኝ ይከፈታል፤ ባቲ ሲባል ደግሞ የባቲ ቅኝት ተከትሎ ይመጣል፣ ከዚያ ትዝታ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይደረደራሉ፣ 150ኛው ቃል ላይ ስትደርስ ጽሑፉ የሙዚቃ ሆኗል። የከብት ግብይቱ እንግዳ ሆኖ ይገባል። ስንኙ ቢሰማም 8ኛው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ።

ሐይቅ ዳር

ቅኝቱን ከመደርደር አንድ አይደለም ያልኩት። ሻጭ ፍየሉን ሲያወድስ የሚለው ስንኝ ትዕይንት ነው፣ ከደብተሩ ግራ ገጽ የወጣ። ጸሐፊው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ስንኝ እኔም አልደግፍም። ልዩነታችን እዚህ ላይ ይቁም።

መዝጊያውን ሳልረሳ፦ «ገበያው ግን ይቀጥላል» ብለህ አትዝጋ። ቶሳ ሥር እንዳለው ፍየሉን ከተከተልክ መጨረሻው ራሱ አለህ። ወደ የትኛው መኪና ተጫነ፣ ወይም ማን መልሶ ነዳው። ደብተርህ ላይ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍል «መ» ብለህ ምልክት አድርግበት፣ ለመዝጊያ እንዲቀመጥልህ፤ አለበለዚያ መሐል ላይ ታባክነዋለህ።

የደሴው ዘጋቢ (ከሰኞ በኋላ)

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አዲሱ ሊድ ይኸው፦

«ገዥው የፍየሉን የታች ከንፈር በአውራ ጣቱ ገለጠ። ጥርሶቹ ገና ትናንሽ ነበሩ። ሻጩ በአፋርኛ አንድ ነገር አለ፤ ደላላው ወደ አማርኛ መለሰው፤ ገዥው ግን «አልደረሰም» ብሎ ከንፈሩን ለቀቀው። አረፋ ሊደርስ 12 ቀን በቀረው በዚህ ሰኞ፣ በባቲ ገበያ የፍየል ዋጋ የሚወሰነው በጥርሱ ነው።»

አርታኢ ከኮምቦልቻ

አሁን ሆነ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር 7 ቃል ነው፣ እንቅስቃሴ አለው፣ «አልደረሰም» ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባል። ሦስት ነገር አስተካክል።

«ዋጋ የሚወሰነው በጥርሱ ነው» ከያዝከው ማስረጃ በላይ ነው። ጥርሱ ለዕርዱ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ይለያል፤ ዋጋውን ቁመናውም ስቡም የሻጩ ችኮላም ይወስኑታል። «…መጀመሪያ የሚጠየቀው የፍየሉ ዕድሜ ነው» ብትለው እውነት ይሆናል፣ ጉልበቱም አይቀንስም።

«12 ቀን በቀረው በዚህ ሰኞ» አንተ በጻፍክበት ቀን ልክ ነው፤ ጋዜጣው ሲወጣ ግን አንባቢው ዘንድ 5 ወይም 6 ቀን ይሆናል። ቀኑን በቁጥር ጻፍ። የአረፋው ቀን ራሱ በጨረቃ ስለሚወሰን «ይጠበቃል» የሚል ጨምርበት። በሌላ አንቀጽ «በየዓመቱ በዚህ ወቅት» ብለህ ከሆነም አውጣው፣ በዓሉ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣልና።

ቶሳ ሥር

ሦስተኛውን እኔ ልበለው፦ «አንድ ነገር አለ» የሚለው። እዚያ ላይ ሊዱ ባዶ ነው። ሻጩ ያለው ምናልባት የፍየሉን ዕድሜ ነው፣ ምናልባት የተወለደበትን ወቅት፣ ወይም መሐላ። ደላላው የመለሰው ሌላ ነገር ሊሆንም ይችላል። ድምፁን ቀርጸኸው ከሆነ አፋርኛ ለሚችለው ሰው አስደምጠው፤ ካልቀረጽክ ደላላውን ሳይሆን ሻጩን በአስተርጓሚው በኩል ፈልገህ ጠይቀው። እስከ እትሙ መዝጊያ ካላገኘኸው ያን ዓረፍተ ነገር «ሻጩና ደላላው በአፋርኛ ተነጋገሩ» ብለህ አሳጥረው፣ የማታውቀውን አትሙላ።

የደሴው ዘጋቢ

ቀርጬዋለሁ። ነገ አስደምጠዋለሁ።